የአቦይ ሃይለ ቁጥሮች

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከዳናይት አባት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ደብተር የከፈትኩትም ለዚሁ ነው። አንድ ቀን ልጆቻችን፣ አባታቸው እናታቸውን በምን ዓይነት ብልሃት እንዳገባ ማወቅ ይኖርባቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ አቦይ ሃይለ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ማዶ ያለች ካፌ ይቀመጣሉ። ድሮ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ የቃላት እንቆቅልሽ ነበር የሚፈቱት። መንገዱም ስልኩም በተዘጋ ጊዜ ጋዜጣው ቀረ፤ እሳቸው ግን እንቆቅልሹ አይቅር ብለው ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። መንገዱ ከተከፈተም በኋላ ልማዱ ቀጠለ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ጥንድ ጥንድ ቁጥር ብቻ ነው። የመጀመሪያው የፊደሉን ቤት ይናገራል፦ ሀ አንድ፣ ለ ሁለት፣ ሐ ሦስት እያለ ይሄዳል። ሁለተኛው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ተራ ይናገራል። 2-4 እና 4-6 ከተጻፈ ላ እና ም፣ ላም ማለት ነው። ፈትቶ የጨረሰ ሰው ጮክ ብሎ አያነብም፤ ያልጨረሰውን ማሳፈር ይሆናል። የሻይ ብርጭቆውን ሳህኑ ላይ ይደፋል፣ በቃ። ሁሉም ሲደፉ ወደ ሌላ ወሬ ይታለፋል። "ምን ይላል?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ መጠራጠር ነዋ።

እኔ የስታቲስቲክስ ዶክተር ነኝ። ሻዬ ሳይበርድ ጨረስኩ። "ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ" ይላል። ለእንግዳ መቅደም አይገባም ብዬ ቆየሁ። አብሮን የተቀመጠው ፋርማሲስት ሓየሎም ግን ወዲያው ደፋ። የሚያናድድ ሰው ነው፤ ቁመቱም ያናድዳል።

ለዳናይት ስነግራት "ጎበዝ" አለችኝ። ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ መሬት የምትለካ ቀያሽ ናት። አነጋገሯም እንደ ሥራዋ ነው፤ ሜትሩን ሜትር ትለዋለች።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ፈታሁ። ቀላል ነበር። አቦይ ሃይለ "ወደይ፣ እጅህ ፈጣን ነው" አሉኝ። ወደይ ማለት ልጄ ማለት ነው። ልጄ!

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

አቦይ ሃይለ ወረቀቱን ሲያድሉን "ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉን ቀይሬዋለሁ፤ ያው ፊደል የቆጠረ ያገኘዋል" አሉ።

ቆጠርኩ። የወጣው ነገር ቃል አይመስልም። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ከኋላ ወደ ፊት ቆጠርኩ፤ ባሰበት። ቀና ስል ሓየሎም ደፍቷል። ቀጥለው ጡረተኛው ዳኛ አቶ ልዑልሰገድ ደፉ። ሁለቱም ራሳቸውን እየነቀነቁ "ዕሙቕ እዩ" ተባባሉ፤ ጥልቅ ነው ማለታቸው ነው። እኔም ደፋሁ።

ይህ ውሸት አይደለም። ሻዬን ጨርሼ ነበር።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ገባኝ። ትግርኛ ነው። ለእንግዳ ክብር ብለው ሁለት ሳምንት በአማርኛ ጻፉ፣ ከዚያ ወደ ቋንቋቸው ተመለሱ። ተገቢ ነው። ችግሩ እኔ ጋ ነው፤ መቀሌ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ ትግርኛዬ ሰላምታ ላይ ቆሟል። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ ዳናይት በአማርኛ ታናግረኛለች፣ ባለሱቁ በጣቱ ያሳየኛል።

አብሮኝ የሚኖረው ልደቱ "አልገባኝም ብለህ ጠይቃቸዋ" ይላል። ልደቱ የአርባ ምንጭ ልጅ ነው፣ ሲቪል መሐንዲስ። ጥሩ ልብ አለው፤ ነገር ግን አይገባውም። ልጅዎን ይስጡኝ ሊል የመጣ ሰው ቋንቋችሁን አላውቅም ብሎ ይጀምራል?

በኮምፒውተር ልፈታው እችል ነበር። ሽማግሌን በኮምፒውተር መግጠም ግን ነውር ነው ብዬ ተውኩት።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ፈተና እያረምኩ ነው። ደክሞኛል። ካፌ ደርሼ መጣሁ። ደፋሁ። "ዕሙቕ እዩ" አልኩ። አቶ ልዑልሰገድ ዐን ከጉሮሮዬ አጥርቼ በማውጣቴ አደነቁኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ እያስኬድኩ ነው።

ታኅሣሥ 30፣ ረቡዕ

ገና ዋለ። ዳናይት ከቤታቸው ዶሮ በሳህን ሸፍና አመጣችልኝና እስክጨርስ ድረስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ሽማግሌ መቼ እንደምልክ ጠየቀችኝ።

አስረዳኋት። ሽማግሌ ዝም ብሎ አይላክም፤ መጀመሪያ የአባት ፊት ይታያል። በተለይ እንደ እኔ ከደሴ የመጣ፣ ዘመድ አጠገቡ የሌለው ሰው፣ አባትየው ምልክት ሳይሰጡ ሽማግሌ ልኮ እምቢ ቢባል በዚህ ከተማ በየት በኩል ይሄዳል? ምልክት እየጠበቅሁ ነው አልኳት።

"አባዬ የትራፊክ መብራት አይደለም" አለች። "ላክ። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሽማግሌ ካልመጣ ነገሩ እዚህ ላይ ይቁም። እኔ ሰው ደጅ ቆሞ ሲያመነታ አይቼ ማግባት አልችልም።"

ሳህኑን ይዛ ሄደች። እወዳታለሁ። ይህን ለራሷ በደንብ ነግሬያት አላውቅም፤ አጋጣሚው እየተመቻቸ አልሄደም።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ዛሬ ደግሞ አቦይ ሃይለ ለሌሎቹ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡላቸው፤ ለእኔ ግን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ቆጠርኩ። መጨረሻው ላይ "ለዑ ትክዥ ነር" የሚል ወጣ። የሆነ ትልቅ ምክር መሆኑ ያስታውቃል። ስቆጥር ሳለሁ ዓይናቸውን ከፊቴ አልነቀሉም። ደፋሁና ፈገግ አልኩ፣ ምክር ልቡ የገባ ሰው ፈገግ እንደሚለው።

ወደ ቤት ስመለስ የግቢያችንን ጥበቃ ትክዥ በትግርኛ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁት። አሰበ፣ አሰበና "አማርኛ ይሆናል፣ ዶክተር" አለኝ። የዓጋመ ሰው ነው፤ የአካባቢ ልዩነት ይኖራል።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ጥምቀት አለፈ። ከጠዋት ጀምሮ በመስኮቴ ሥር የሰርግ መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ያልፋል። የማላውቀው ሰው ሁሉ እያገባ ነው። ልደቱ ላክ ይላል። እናቴ ከደሴ ደውላ ላክ ትላለች። ምልክት ግን አልታየም። ምን ላድርግ? አባትየው አንዲት ቃል እንኳ አልተነፈሱም።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጽፈው፤ ልቤ አላርፍ ብሏል።

ወረቀቱ ረዘም ያለ ነበር። ደፋሁ። ሌሎቹ ሲነሱ አቦይ ሃይለ ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ። እንደዚህ አድርገው አያውቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አነበብከው?" አሉ።

"አዎ፣ አቦይ።"

"እና?"

ትግርኛ ቢሆንም ባይሆንም፣ እዚህ ላይ "ምን ነበር ያሉት?" ማለት ነበረብኝ። አሁን ላይ ሆኜ ይህን አያለሁ። ግን ስምንት ቅዳሜ የደፋሁት ብርጭቆ ሁሉ ፊቴ ተደረደረ። "በጣም ጥልቅ ነው" አልኩ። "እያሰብኩበት ነው።"

"እያሰብክበት" አሉ። ክንዴን ለቀቁት። ፊታቸው ጠቆረ። ጨጓራ እንዳለባቸው ዳናይት ነግራኝ ነበር፤ ሻዩ ባዶ ሆድ ላይ ሳይሆን አልቀረም። የሚጠጡትን ነገር እንዲያስቡበት ልመክራቸው አስቤ በዕድሜያቸው ምክንያት ተውኩት።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ወረቀቱ አጭር ነው፣ ሁለት ቃል ብቻ። አቦይ ሃይለ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ። ሰላምታዬንም አየር ላይ ትተውት ሄዱ። ጨጓራው በርትቶባቸዋል።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ዳናይት ለሳምንት ያህል ስልክ አላነሣችልኝም ነበር። ዛሬ ራሷ ደወለች።

"አባዬ ሽማግሌ ላክ ብሎ ጽፎልሃል" አለች። "እሱ ማለት ለማንም ጎንበስ የማይል ሰው ነው። ደጋግሞ ጻፈልህ፤ ደጋግመህ ስቀህ ብርጭቆህን ደፋህበት።"

"የቱ ላይ?" ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። "አላነበብኩትም" ማለት ነበረብኝ። ሲጨንቀኝ ግን አፌ የለመደውን ነው የሚናገረው። "ነገሩ ጥልቅ ስለሆነ እያሰብኩበት ነው" አልኳት።

ዘጋችው።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ካፌው ሄድኩ፤ የአቦይ ሃይለ ወንበር ባዶ ነው። ወረቀቶቼን ሁሉ ይዤ ቀጥታ ሓየሎም ፋርማሲ ገባሁ። ይሉኝታዬን በር ላይ አውልቄ፣ አንዲት የሳል ሽሮፕ የምትገዛ ሴት ፊት "ትግርኛውን ተርጉምልኝ" አልኩት።

"የቱን ትግርኛ?" አለ።

ወረቀቶቹን ዘረጋሁለት። ሴትየዋን ሸኝቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ተመለሰ። መልኩ ተለዋውጧል። "ዶክተር፣ እኔ ደግሞ አማርኛ መስሎኝ ነበር" አለ። "የድሮ አማርኛ፣ የሊቃውንት ነገር። ለአንተ ብለው የጻፉት። አንተ ስትደፋ እያየሁ፣ ባለቋንቋው ከገባው እኔ አልገባኝም ብዬ እንዴት ልቀር? ደፋሁ።"

"አንተ እኮ ነህ ቀድመህ የምትደፋው!"

"ቁጥሩ ሲያስጠላኝ ጊዜ ነዋ።"

አቶ ልዑልሰገድስ አልኩት። የዳኛው መነጽር ከመስቀል በፊት ተሰብሯል፤ ቁጥሩ እንኳ አይታያቸውም አለኝ። ስለዚህ ከታኅሣሥ ጀምሮ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ራሱን የማይነቀንቅ አልነበረም፤ ያነበበ ግን አንድም የለም። በዕውቀቱ የምቀናበት ሰው በእኔ ዕውቀት ሲቀና ከርሟል። ሓየሎምን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት።

ቁልፉን ያገኘው እሱ ነው። አቦይ ሃይለ በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት እንደተማሩ አስታወሰ። ፊደል የቆጠረ ያገኘዋል ያሉት ትዝ አለን። በቄስ ትምህርት ቤት ከሀሁ ቀጥሎ የሚቆጠረው አቡጊዳ ነው። ማለት አ አንድ፣ በ ሁለት፣ ገ ሦስት፣ ደ አራት። ሓየሎም በቃሉ አወረደው፣ እኔ ጻፍኩ። "ለዑ ትክዥ ነር" ብዬ ያነበብኩት "በሩ ክፍት ነው" ሆኖ ወጣ።

ሁሉንም በየተራ ፈታናቸው። ዋና ዋናዎቹን እዚህ ልገልብጣቸው።

የታኅሣሡ፦ "ሴት ልጅ ያለው አባት አፉ የታሰረ ነው።"

የጥር መጀመሪያው፦ "ልጄ ትወድሃለች፤ እኔም ወድጄሃለሁ። ሽማግሌ ላክ፤ በሩ ክፍት ነው።"

ክንዴን የያዙኝ ቀን የሰጡኝ፦ "ጾሙ ሳይገባ ይሁን። ምን ያስፈራሃል? ንገረኝ፣ እረዳሃለሁ።"

የመጨረሻው፣ ባለ ሁለት ቃሉ፦ "ገባኝ። አልቀየምህም።"

እዚያው የመድኃኒት መደርደሪያው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሓየሎም ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት የራስ ምታት ክኒን ሰጠኝ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ምን ብዬ ልሂድ?

አንብቤዋለሁ ብል፣ የአንድን አባት ቃል ሦስት ጊዜ አንብቤ የሳቅሁ ባለጌ ነኝ። አላነበብኩትም ብል፣ ፊደል መቁጠር ያቃተው ዶክተር ነኝ፣ ያውም የቁጥር ዶክተር። ሦስተኛ መንገድ መኖር አለበት። ወረቀቶቹ ጠፉብኝ ማለት ይቻላል። ታይፎይድ ይዞኝ ነበር ማለት ይቻላል። ሓየሎም ግን "ይህን እኔ አልመሰክርም፤ ሻይ ስትጠጣ ከተማው አይቶሃል" አለኝ።

ልደቱ ከሦስት መምህራን ጋር ሽማግሌ ሆኖ እንዲሄድ ጠየቅሁት። እውነቱን ካልነገርኳቸው አልሄድም አለ። "የምታጣው ዳናይትን ነው ወይስ ማዕረግህን? አንዱን ምረጥ" አለኝ።

ላስብበት አልኩት። ሳቀብኝ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

አልሄድኩም። ስብሰባ ነበር።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ስብሰባ አልነበረም። ለማን ነው የምዋሸው፣ ለገዛ ደብተሬ?

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ሰኞ ጾም ይገባል። ዛሬ ሄድኩ።

ቤታቸው በኲሓ መንገድ ላይ ነው። አቦይ ሃይለ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። እንዳዩኝ ለመነሣት ሞከሩ፤ የተቀየሙትንም እንግዳ ቆሞ መቀበል ደንባቸው ነው። ይህ ከስድብ ይልቅ አመመኝ። እንዳይነሡ ብዬ ፊታቸው በርከክ አልኩና፣ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

"አቦይ፣ አልፈታሁትም" አልኩ። "ከሦስተኛው ሳምንት ወዲህ አንዱንም አልፈታሁም። ትግርኛ መስሎኝ ነበር። አፈርኩና ደፋሁ።"

"ሓየሎምስ?" አሉ።

"እሱ አማርኛ መስሎት ነበር።"

"ልዑልሰገድስ?"

"መነጽራቸው ተሰብሯል።"

ከዳናይት ነገር ይልቅ ይህ ነው የጎዳቸው መሰለኝ። ከበረንዳው ባሻገር፣ ወደ መንገዱ አዩ። መንገዱ በተዘጋበት ጊዜ ሁሉ ያንን ወረቀት እየሠሩ እንዳይበተን የጠበቁት ጠረጴዛ ነው። "ስለዚህ ብቻዬን ነው ሳወራ የከረምኩት" አሉ። ይቅርታ አልኩ፤ ቃሉ አነሰብኝ።

ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። "ጥፋቱ የእኔም ነው፣ ወደይ። አባት በአፉ ልጄን ውሰድ አይልም፤ ነውር ነው። በቁጥር ብጽፈው ነውሩ የሚቀር መሰለኝ።"

ዳናይት በሩ ላይ ቆማ እንደነበር ያኔ ነው ያየሁት። የሥራ ጫማዋን አላወለቀችም። አልጮኸችም።

"አንተ ያልገባህን ገባኝ ትላለህ" አለችኝ። ወደ አባቷ ዞረች። "አንተ የፈለግኸውን በቁጥር ትጽፋለህ። እኔ በአፌ ስናገር ደግሞ 'ጥልቅ ነው' ይለኛል። ከማን ጋር ልኑር?"

አቦይ ሃይለ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እኔ ተነሥቼ ቆምኩና፣ አባቷ ፊት፣ ሽማግሌ ሳልይዝ፣ ማንም በደንብ ያደገ ሰው እንደማያደርገው፣ እንደምወዳት ነገርኳት። ታገቢኛለሽ ወይ አልኩ።

ትክ ብላ አየችኝ፤ ቆይታም "ላስብበት" አለች።

ሽማግሌስ ልላክ ወይ ስል አቦይ ሃይለ እጃቸውን አነሡ። ከእንግዲህ እሷን ጠይቅ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ አሉ።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ጾሙ ገብቷል። ዳናይት መስክ ላይ ናት፣ ሥራ በዝቶባታል። ስደውልላት ታነሣለች፤ ስለ ጸሐይዋ፣ ስለ አቧራው በደንብ ታወራኛለች። ስለ ዋናው ነገር አንድም ቃል የለም።

ሳምንቱን ሙሉ "ላስብበት" ያለችው ምን ለማለት እንደሆነ ሳብሰለስል ሰነበትኩ። ስትል ወደ አባቷ አላየችም፤ ይህ ደግ ምልክት ነው። ግን ጫማዋንም አላወለቀችም፤ ይህ ክፉ ነው። ፈጥና አልተናገረችም፤ እምቢ የሚል ሰው ደግሞ ይፈጥናል። ወይስ ጨዋ ሰው ሲከለክል ነው የሚዘገየው? ወረቀት ላይ ጽፌ በሀለሐመም በአቡጊዳም ቆጠርኩት። ምንም አይወጣም።

ዛሬ ምሳ ላይ ሽሮ እየበላን ልደቱን ጠየቅሁት። ማኘኩን ሳያቆም "ላስብበት ማለት ላስብበት ማለት ነው" አለኝ።

"ማለት?"

"ማለት እያሰበች ነው። እሺ ልትል ትችላለች፤ እምቢም ልትል ትችላለች።"

እጄ ሳህኑ ላይ ቀረ። ፈራሁ፤ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም። ይህኛው ግን ገብቶኛል፤ እውነቴን ነው፣ ገብቶኛል።